የፈንታነሽ ጎመን በቆቦ

ማናለብሽ የግዳን ሰው ናት። የግዳን ሰው ደግሞ ጎመን የሌለበትን ጓሮ ጓሮ አይለውም። ስለዚህ ነርስ ሆና ከደጋው ወደ ቆላማው ቆቦ ስትመደብ፣ ከከተማው ዳር ከአያ ሙሀመድሰይድ ግቢ ቤት ልትከራይ የመጣች ቀን፣ ጣራው ያፍስስ አያፍስስ አልጠየቀችም። በቀጥታ ወደ ኋላ ዞራ ባዶውን መሬት አየች፤ ጎንበስ ብላ አፈሩን ቆንጥራ አሸተተች።

«ሲስተር፣ ልትከራዪ ነው ወይስ ልታርሺ?» አሉ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው።

«ሁለቱንም» አለች።

እንዲህ ሆና መኖር ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ ትሄድና ከላይ፣ ከግዳን የመጣ ሰው ትፈልጋለች። ካገኘች ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነው፤ «አገር ደህና?» ትላለች። «ደህና» ይሏታል። «ደህና» የምትባል ቃል ስንት ነገር እንደምትሸፍን አይጠፋትም፤ ቢሆንም እሷኑ ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ዓመት ሳይሞላት፣ ጥር ላይ እናቷ ወይዘሮ ፈንታነሽ አረፉ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር መርዶው የደረሳት ከተቀበሩ በኋላ ነው። እሷም የደረሰችው ለአርባቸው ሆነ። ዘመዶቿ ከቤቱ ምን እንደምትወስድ ሲጠይቋት፣ ምሰሶው ላይ ወደተንጠለጠለች የነጠላ ቁራጭ አመለከተች። ጫፏ ላይ የጎመን ዘር ተቋጥሯል። ቅጠሉ ጠርዙ ላይ ወይን ጠጅ የሚል፣ ውርጭ ሲነካው የሚጣፍጥ ጎመን ነው፤ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከእናታቸው የወረሱት። እሳቸው በሕመም ምክንያት ያን ዓመት አልዘሩም፤ ጎረቤቱም ዘር ከገበያ መግዛት ከጀመረ ቆይቷል። ያቺ ቋጠሮ ከባከነች ጎመኑም አለቀለት ማለት ነው። ማናለብሽ ይህን አውቃ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ወረደች።

ሰኔ ላይ ዘራች። እናቷ በሰኔ ይዘሩ ነበርና እሷም በሰኔ ዘራች። የቆቦ ሰኔ ሙቀት ምን እንደሚመስል ጠፍቷት አይደለም፤ «ሕፃናቱን ጥላ ሥር አድርጓቸው፣ ጡት በደንብ አጥቧቸው» እያለች እናቶችን ስትመክር የምትውለው ራሷ ናት። ለጎመኑ ሲሆን ግን ምክሯ ጠፋባት። በቀለ፤ በዘጠነኛው ቀን እንደ ክር ተጋደመ። ሐምሌ ላይ ዳስ ሠርታ ደግማ ዘራች። ይኼኛው ጥቂት ቅጠል ካወጣ በኋላ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ወረደበትና ጨረሰው። ቋጠሮዋን ስትፈታ የቀረው ዘር አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም።  መልሳ ቋጠረችው።

አያ ሙሀመድሰይድ ሁሉንም ከግቢያቸው ዛፍ ሥር ሆነው ያዩ ነበር።

«አትቸኩይ ልጄ» አሏት። «እዚህ አገር ጎመን በብርድ ነው። ጎርፉ ይግባ፣ መስቀል ይለፍ፣ ነፋሱ ይቀዝቅዝ። ያኔ ትዘሪያለሽ ኢንሻአላህ።»

«ጎርፉ የት ነው የሚገባው?»

«ጓሮው ውስጥ ነዋ።»

 ሽማግሌው መጃጀት ጀመሩ ብላ በሆዷ አዘነችላቸው። ግዳን ላይ ጎርፍ ሌባ ነው፤ አንድ ክረምት ቸል ካሉት ማሳውን ይዞ ይሄዳል። እናቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ድንጋይ ሲክቡና ቦይ ሲቀዱ ነው። እሷም ዶማ ተዋሰች፤ ያውም ከራሳቸው ከአያ ሙሀመድሰይድ፤ ከሥራ መልስ ሦስት ቀን ሙሉ ጎርፉን ወደ መንገድ የሚያስት ቦይ ከአጥሩ ሥር ቆፈረች። መዳፏ ውሃ ቋጠረ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ከሰዓት በምዕራብ በኩል ተራራው ጠቆረ። ቆቦ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። ነገር ግን የተራራው ጎርፍ መድረሱን የሚያውጅ «ወረደ» የሚል ድምፅ ከማሳ ማሳ ሲቀባበል፣ ወንዱ ሁሉ አካፋውን ይዞ ወጣ። በራያ ሜዳ ጎርፍ አይሸሹትም፤ ይጠልፉታል፤ በተራ በተራ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይመሩታል። ማናለብሽ ምጥ የያዛት ሴት ስታዋልድ ስለዋለች አላየችም። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ቦይዋ በድንጋይና በእሾህ ተደፍኗል፤ አጥሩ ተከፍቷል፤ ጓሮዋ ሐይቅ ሆኗል። በአህያ አስጭና የነሰነሰችው ፍግ የለም። ጤና አዳሟ እስከ አንገቱ ጠልቋል።

«ማን ነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ሙሀመድሰይድ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። «ተራችን ነበር ልጄ። ተራ ካለፈ አይመለስም።»

 ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለፍጉ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፈገቻቸው፤ የደጋ ሰው ካኮረፈ በቀላሉ አይመለስም። እሳቸው ግን በየጧቱ ለተዘጋው በር «እንዴት አደርሽ ሲስተር» ማለታቸውን አላቋረጡም።

በስምንተኛው ቀን ውሃው ሰርጎ አለቀ። መሬቱ ላይ አራት ጣት የሚሆን ደለል ተኝቷል፤ እንደ ተነፋ ዱቄት የለሰለሰ። አያ ሙሀመድሰይድ አንድ እፍኝ አንሥተው ወደ መስኮቷ መጡ።

«እንቺ። ከየት የመጣ ይመስልሻል?»

ተቀብላ አየችው።

«የናንተ ነው። የግዳን አፈር ነው። እናንተ ሌባ ወሰደብን እያላችሁ ታለቅሳላችሁ፤ እኛ እዚህ ሆነን እንቀበላለን። ወላሂ፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ያረስኩት የናንተን አገር ነው።»

ማናለብሽ አሸተተችው። የእናቷ ማሳ ከዝናብ በኋላ እንዲህ ይሸት ነበር። በውስጡ አንዲት የገብስ ገለባ አገኘች፤ ቆቦ ላይ ገብስ የሚዘራ የለም። ዓይኗን ስትጨፍን የደጋው ጉም በመስኮቱ የገባ መሰላት፤ እናቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በእርጥቡ ትልም መሀል ሲራመዱ ታዩዋት። ለቀብራቸው መድረስ ባልቻለችበት ዓመት፣ ማሳቸው በራሱ መንገድ ተጉዞ ደጇ ደርሷል። እሷ ደግሞ ቦይ ቆፍራ ልትመልሰው ነበር። ሳቀችም አለቀሰችም።

«አያ ሙሀመድሰይድ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ። እንዳገሩ ይኖሯል፣ እንደወንዙ ይሻገሯል። ይልቅ ምን ምን እንደምንዘራ እንምከር።»

መስከረም ሙሉ ወሬያቸው ዘር ሆነ። ማናለብሽ በጓንት ካርቶን ጀርባ ላይ ጓሮዋን ሣለች፤ ሕሙማን ቀለል ሲሉላት እሱን ታያለች፤ ሳታውቀው በሐሳብ ገብታ ትዞርበታለች። ጌሾው በምዕራቡ አጥር ይቁም፤ ዓመት ካመት የሚኖር ስለሆነ አንዴ በተተከለበት የከሰዓቱን ፀሐይ ይከልላል። ጥብስ ቅጠሉ ውሃ ሲበዛበት ስለሚያኮርፍ ደረቁን ጥግ ያግኝ። በሶብላው ብርድ ስለማይወድ ሙቀቱ እስኪመለስ ይቆይ። ድንብላሉ ደግሞ ብርዱ ሲገባ ይዘራ፤ ከሞቀው ቅጠሉን ትቶ ወደ አበባ ይሮጣል። የጥቅል ጎመን ዘር ልትገዛ ስትወጣ ሽማግሌው «ትልቁን ሳይሆን ቶሎ የሚደርሰውን ምረጪ» አሏት፤ «ብርዳችን እንግዳ ናት፤ ሳትሄድብን ነው መብላት።» ቆስጣና ካሮትም ጨመረች። ጦስኝን ጽፋ ነበር፤ ሰረዘችው። ጦስኝ ከደጋ ሲወርድ አይሆንለትም፤ እሱ እዚያው ይሁን አለች። መሀሉን፣ ደለሉ የወፈረበትን፣ ለእናቷ ጎመን ተወች።

በጥቅምት አንድ ረፋድ የቀረውን ዘር በሙሉ ዘራች። «ጥቂት አታስቀሪም?» አሏት። «በዚህ አፈር ካልያዘ ሌላ የት ሊይዝ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ በየጧቱ ፊቷን ሳትታጠብ ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር። በስድስተኛው ቀን መሬቱ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያዘ። ኅዳር ላይ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ጤዛው ሳይነሣ ስትወጣ የቅጠሉ ጠርዝ ወይን ጠጅ ሆኖ ጠበቃት። ብዙ ቆማ አየችው፤ ሥራ አረፈደች።

ጣዕሙ የእናቷን አላከለም። ቆቦ ላይ ውርጭ ከየት ይመጣል? ትንሽ ይመርራል። ማናለብሽ «ጎመን በጤና» ብላ ጥርግ አድርጋ በላችው፤ ለአያ ሙሀመድሰይድም በሰሃን ላከች።

ሥሩን ለዘር ተወችው። የእናቷ ሙት ዓመት በዋለ ሰሞን ጓሮው በቢጫ አበባ ተሸፈነ፤ ንቡ ከየት እንደመጣ እንጃ። መጋቢት ላይ የወቃችው ዘር አንድ ጣሳ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በዚያችው የነጠላ ቁራጭ ቋጠረችው። አያ ሙሀመድሰይድም ድርሻቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ቋጠሩ።

በቀጣዩ ሐምሌ አንድ ቅዳሜ፣ መናኸሪያ ሄዳ ከላይ የመጣ ሰው አጥታ ስትመለስ፣ ተራራው ጠቆረ። «ወረደ» ሲባል ከግቢው ሁሉ ቀድማ አካፋ ይዛ የወጣችው ማናለብሽ ናት፤ አካፋው የራሷ ነው። አጥሩን ከፈተች፤ ጫማዋን አወለቀች። ቡናማው ውሃ ገለባ እያንከባለለ፣ ቁርጭምጭሚቷን እያለፈ ወደ ጓሮዋ ገባ። ጎንበስ ብላ እጇን ነከረች።

«አገር ደህና?» አለችው።