ከመስኮቱ ያራቅሁት ሙቀት

ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በተነሳሁበት ጠዋት ባለቤቴ አለምነሽ አላለቀሰችም። «ቶሎ ካልወሰድኸን ግን አንላቀቅም» ብላኝ፣ የአምስት ዓመት ልጃችንን ይዛ ወደምታስተምርበት ፀዳ ተመለሰች። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን።

በሥራ ፈቃድ የመጣሁት ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። ብርዱን በዳባት ውርጭ እንዳትገምቱት። የዳባቱ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ የዚህ አገር ፀሐይ የምትወጣው ለመብራት ብቻ ነው። ጎረቤቴንም ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን የማውቀው በበሩ ድምፅ ነው። ሥራዬ ዳክት መንደፍ ነበር፤ ምድር ቤት ካለው ማሞቂያ ተነስቶ በወለልና በግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ለየክፍሉ ሞቃት አየር የሚያደርስ የቆርቆሮ ቱቦ ነው። አለቃዬ ቋሚ ሲያደርገኝ ቤተሰቤን የማስመጣበትን ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። እኔም «በዚህ ወር አይቀርም» ብዬ ለአለምነሽ ነግሬያታለሁ።

ደንቡ የመስኮቱን ብርድ እንዲመክት የአየሩ መውጫ መስኮት ስር ይሁን ይላል። እኔ ግን መስኮት ስር አልጋ ነው የሚታየኝ። ደባርቅ ተመድቤ ስሠራ የመጀመሪያ ልጃችንን ሳምባ ምች የቀማን መስኮት ስር ተኝቶ ነው፤ እናቴም «ነፋስ መታው» ብላ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ የአንድ ሕፃን መኝታ ክፍል ስነድፍ እጄ እምቢ አለኝ። መውጫውን ወደ በሩ ወሰድሁት። ለማንም አልተናገርሁም።

ቤቱ ተሠርቶ ሰው ከገባበት በኋላ ብርዱ ሲጠና የዚያ ክፍል መስኮት በውስጥ በኩል በረዶ ጋገረ፣ ግድግዳው ረጠበ፣ ሕፃኑን ሳል ያዘው። አለቃዬ ንድፉን ፊቴ ዘረጋው።

«ይህን ማን አዛወረው?»

«እኔ ነኝ። ነፋሱ ልጁን እንዳያገኘው ብዬ።»

«የሚወጣው እኮ ሙቅ አየር ነው!»

«ሙቅም ቢሆን ነፋስ ነው።»

«ዩኒቨርሲቲ ይህን ነው ያስተማረህ?»

«የለም፣ እናቴ ናት።»

አልሳቀም። በማግሥቱ አሰናበተኝ። ልጁን ያሳመምሁት እኔ ነኝ። ከሥራው ይልቅ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እሑድ አለምነሽ ደወለች። ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«በዚህ ወር አይቀርም ስላልኸኝ ዓርብ ዕለት ከማስተማሩ መልቀቂያ አስገባሁ። ተማሪዎቼ አልቅሰው አስለቀሱኝ» አለች። «አስገባሽ?» ስላት ደነገጠች። «ምነው? ቸኮልሁ እንዴ?»

«የለም» አልኋት። «ሸጋ አደረግሽ።»