ዱጉማ የሣለው ዘበኛ

ዱጉማ የክር ፋብሪካችን መካኒክ ነበር። ማሽን ሲጠግን ይውልና በምሳ ሰዓት ባዶ የክር ካርቶን ቀዶ ጀርባው ላይ በእርሳስ ይሥላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕሎቹን በሠራተኛ ክበቡ ግድግዳ ላይ በተርታ ሲለጥፍ፣ እኛ የማጠንጠኛ ክፍል ሴቶች ጥጡን ከፀጉራችን ላይ ሳናራግፍ፣ የሻይ ብርጭቋችንን እንደያዝን ፊቱ እንኮለኮላለን።

ሥዕሎቹ የሚያወሩት ታሪክ የአንድ ዘበኛ ነው። ሰውዬው አጭር ነው፤ ካፖርቱ መሬት ይጠርጋል። መሣሪያ የለውም፤ ያለችው ፊሽካ ብቻ ናት። ሌባ ሲመጣ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ ይነፋል። ሌባው የያዘውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ ይላል።

ዘበኛው ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። የዋናው በር ጠባቂ፣ የዱጉማ ባልንጀራ ሳህሌ ነው፤ ፊሽካዋም የእሱው ናት። ሳህሌ ራሱ እየመጣ ያይና፣ «ምነው ዱጉማ፣ አፍንጫዬ ከካርቶኑ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ደረሰ እኮ!» ይለዋል።

«አንተ ካፖርትህን አሳጥር፣ እኔ አፍንጫህን አሳጥራለሁ።»

ያ ሳቅ፣ ያ የማሽን ዘይት ሽታ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ሳህሌ ጡረታውን ሳያይ ሞተ። ዱጉማ ግን ጡረታ ሲወጣ ሥዕሎቹን ሰብስቦ ሳሪስ አቦ አጠገብ ባለ ማተሚያ ቤት አሳተማቸው። ሽፋኗ አረንጓዴ የሆነ ስስ መጽሐፍ ወጣች። አብዛኞቹን ቅጂዎች የገዛነው እኛው ነን። አንዷ ብሩህ የሚባል የሰፈራችን ልጅ እጅ ገባች። ልጁ አደገና ፊልም ሠሪ ሆነ፤ አምና የዱጉማን በር አንኳኳ።

«ጋሽ ዱጉማ፣ መጽሐፍዎን አክሽን ፊልም ላድርገው?»

«የፈለግከውን ለውጥ ልጄ። ፊሽካዋን ግን አትንካብኝ።»

«እናቴን! አልነካትም።»

ዱጉማ ወዲያው ወደ ወርቅውሃ ሄደ። ወርቅውሃ የሳህሌ ሚስት ናት። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው። «ሳህሌን ፊልም ላይ ታገኚዋለሽ፤ ባታዪውም ፊሽካውን ትሰሚያለሽ» ብሎ ቃል ገባላት። ከዚያ ወዲህ ባገኘችው ቁጥር «መቼ ነው?» ስትለው ከረመች።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ቀኑ ደረሰ። በሰቃ ሰፈር ያለው የወጣቶች አዳራሽ ከቂሊንጦ በሰርቪስ በመጡ የፋብሪካ ልጆች ሞልቷል። እኛ ወርቅውሃን መሃል አድርገን ከፊት ተቀመጥን። ዱጉማ የጥንቱን ኮቱን ለብሷል፤ አንዱ ቁልፍ የሌላ ኮት ነው።

መብራቱ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለው ዘበኛ ክንዱ ጭን የሚያህል ጎረምሳ ነው። ከባቡር ሐዲዱ ድልድይ ዘሎ ሞተር ሳይክል ላይ አረፈ፤ በሁለት እጁ ተኮሰ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«ሳህሌ መጣ?» አለች ወርቅውሃ በሹክሹክታ።

«መጣ።»

«ምን እያደረገ ነው?»

ዱጉማ ቀና ብሎ አየ። መኪና እየነደደ ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና፣ «ሻዩን እየጠጣ ነው። ዝናብ መቶት ካፖርቱን ወንበር ላይ አስጥቶታል» አላት።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ነው፤ አወቅሁት።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሌላ፣ ዱጉማ ሌላ ያወሩ ጀመር። እዚያ ሰው በመስኮት ሲወረወር፣ እሱ ሌባው ጥጥ ክምር ውስጥ ተደብቆ ሲያስነጥስ መያዙን ይነግራታል። ወርቅውሃ ከት ብላ ሳቀች።

«እማማ፣ ሰው እየሞተ ይስቃሉ እንዴ?» አለ ከኋላችን አንዱ።

መጨረሻው ደረሰና ሌባው ሮጠ። እኔም ዱጉማም አንገታችንን አሰገግን። ጎረምሳው እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ፤ ቦምብ አወጣ። አዳራሹ በፍንዳታው ተንቀጠቀጠ፤ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ጀመረ።

ዱጉማ አቀረቀረ። ወርቅውሃ ግን ፊቷን ወደ እሱ አዙራ እየጠበቀች ነው። ቢቸግረው ሁለት ጣቶቹን አፉ ውስጥ አድርጎ ጆሮዋ ሥር ቀስ ብሎ አፏጨ፤ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም።

«ይህች የሳህሌ አይደለችም» አለች።

«ወርቅዬ፣ ፊልሙ ላይ...»

«የሱ መጨረሻዋ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ብርድ አይችልም ነበር እኮ። ደግሞ ዱጉማ፣ የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ያ ሁሉ ጥይት የሳህሌ ነው ብዬ የማምን መሰለህ? በል፣ እያንቀጠቀጥክ ድገማት።»

መብራቱ በራ። ብሩህ አንገቱን እያሻሸ መጣ። «ጋሼ፣ ፊሽካዋ ለአክሽን...»

ዱጉማ በእጁ ዝም አሰኘውና ጣቶቹን እንደገና አፉ ውስጥ ከተተ። ለመውጣት የተነሡት ልጆች ዞር ዞር አሉ። መጨረሻዋ ተንቀጠቀጠች።

«ይኸው፣ አሁን መጣ» አለች ወርቅውሃ።