የእህቴ ወይንና የኔ ፊርማ

ታናሽ እህቴ ወይን ጠማቂ ናት። ይህን ዛሬ እንዲህ በቀላሉ ስጽፈው ለራሴም ይገርመኛል፤ ቸርች ውስጥ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ለዓመታት «ምግብ ነክ ሥራ ላይ ናት» እያልኩ ነው የኖርኩት። ውሸትም አይደለም፣ ወይን ከፍሬ ነው የሚሠራው። ግን እኛ መጠጥ በአፋችን የማይዞር ሰዎች ነን፤ እዚያ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰር ነበር።

እንግዲህ ይህች እህቴ ናት የወይን ጠርሙሶች በብረት ሳጥን ቆልፋ ኦንታሪዮ ሐይቅ ወለል ላይ ለማስቀመጥ ፈቃድ የጠየቀችው። ሌላ አገር ባሕር ውስጥ ያደርጉታል አለችኝ፤ ብርዱና ጨለማው ወይኑን ቀስ አድርጎ ያበስለዋል። ሁለት ዓመት የለፋችበት ሐሳብ ነው። አሠሪዋ «ፈቃዱን ካመጣሽ ሥራውን አንቺ ትመሪዋለሽ፤ ካልተገኘ እንተወዋለን» ብሏታል። ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ግን ማመልከቻው በስብሰባ ላይ ለሕዝብ ይቀርባል፤ የፈለገ ይደግፋል፣ ያልፈለገ ይቃወማል።

ከስብሰባው ሁለት እሑድ ቀደም ብሎ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ጋሼ ወረቀት ይዘው መጡ። ጋሼ የምላቸው የሥጋ ዘመዴ ስለሆኑ አይደለም። ካናዳ የገባሁ ቀን ኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር አፓርትመንት ስከራይ ዋስ የሆኑኝ፣ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው።

«ሐይቁን ለመጠበቅ ነው ልጄ፣ ፈርሚ» አሉኝ።

እንዴት ብዬ ላንብበው? እንዲህ ያለ ሰው የዘረጋውን ወረቀት ፊቱ ቆሞ ከላይ እስከ ታች ማንበብ «አላምንዎትም» እንደ ማለት ነው። ደግሞስ ሐይቅ ይጠበቅ ሲባል ማን እምቢ ይላል? ስሜን አሳምሬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

የስብሰባው ቀን እህቴን ልደግፍ አዳራሹ ገብቼ ገና መቀመጫ ስፈልግ፣ ጋሼ ከኋላ ወንበር በእጃቸው ጠሩኝ።

«መጣሽ? ተባረኪ! ብቻዬን ልቃወም ነው ብዬ ስፈራ።»

የፈረምኩት የእህቴን ማመልከቻ የሚቃወም ወረቀት መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። አጠገባቸው ዘጭ አልኩ። እህቴ ከፊት ጀርባዋን ሰጥታን ወረቀቶቿን ታስተካክላለች። ተነሥቼ ወደ እሷ ልሂድ? ወይስ ለጋሼ በጆሯቸው ልንገራቸው? ምን ብዬ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ እህቴ ተናግራ ጨረሰች። ጥሩ ሳትናገር አልቀረችም፤ እኔ አንድም ቃል አልሰማሁም። ሰብሳቢዋ ጋሼን ጠራች።

ጋሼ ማይኩ ጋ ቆመው ወረቀቱን ከፍ አደረጉ። «እዚህ ላይ የፈረሙት ሁሉ ይቃወማሉ። አንዷም አብራኝ መጥታለች» አሉና ወደኔ ጠቆሙ። በአማርኛ ደግሞ፣ «ተነሺ ልጄ፣ ይዩሽ!»

እህቴ ዞረች። መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ስታየኝ ሁሌም እንደምታደርገው። ፈገግታው ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

ተነሥቼ ወደ ማይኩ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬን ከሥራ ቦታና ከቴሌቪዥን ነው የለቀምኩት፤ በዚያች ደቂቃ ግማሹ ጥሎኝ ጠፋ። «ፈርሜያለሁ፤ ግን ሳላነብ ነው። አመልካቿ እህቴ ናት። ስሜን ሰርዙልኝ» አልኩ። ከመሀል አንድ ሰው ሳቀ።

ጋሼ እንደቆሙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እህትሽ? ምነው ሳትነግሪኝ?» አሉኝ።

«ወይን ስለሆነ አፍሬ ነው፣ ጋሼ።»

«የወይኑ ነገር መሰለሽ እንዴ? ስንት ዓመት ውሃ ማጣሪያ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ! እኔን ያስጨነቀኝ የምንጠጣው ውሃ ነው።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞረው በእንግሊዝኛ ጠየቋት። «ጠርሙሱ የሚታሸግበት ሰም ቢላቀቅ ውሃው ውስጥ ምን ይገባል? ሞክራችሁታል?»

እህቴ ወረቀቶቿን አገላበጠች። አውቃታለሁ፤ ልትዋሽ ስትል ነው ቶሎ የምትመልሰው። አሁን ግን ቆየች።

«ሐይቅ ውሃ ውስጥ ገና አልሞከርነውም» አለች።

ሰብሳቢዋ ይህን ጻፈች። ማመልከቻው አልጸደቀም፣ አልወደቀም፤ የሰሙ ሙከራ ውጤት በጽሑፍ እስኪቀርብ ይቆይ ተባለ። አሠሪዋ እስከዚያ ይታገሥ አይታገሥ እሷም አላወቀችም።

ስንወጣ ጋሼ ባስ ፌርማታው ላይ ቆመው ነበር። እህቴ መኪናዋን አጠገባችን አቆመች።

«ጋሼ፣ ይግቡ፣ ላድርስዎ።»

እኔን ግቢ አላለችኝም። ከኋላ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሰም ሲያወሩ እኔን ዞሮ ያየኝ የለም።

«የሐይቁን ውሃ በባልዲ አስቀድተሽ ሰሙን ሁለት ወር ዘፍዝፊው። ከዚያ አብረን እናየዋለን» አሏት።

«ተቃውሞዎን ያነሣሉ ማለት ነው?»

«ምን በወጣኝ! መጀመሪያ ሰሙን አሳዪኝ።»

ከስብሰባው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ክሬሰንት ታውን ደርሼ ስወርድ «ይቅርታ» አልኳት። መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ባልዲውን ከሐይቁ ተሸክመሽ የምታመጪው አንቺ ነሽ» አለችኝና ጋሼን ይዛ ሄደች።