ጠቅላዩ ሰኞ የላከው ጥቅል

«ጠቅላዩ መጣ» ሲባል የሰማ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ኮቱን ያስተካክላል። ባለሥልጣን የመጣ ይመስለዋላ። ከዚያ ፀጉሩ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ቁርጥራጭ የተሰካ፣ እጁ በቫርኒሽ የተለቀለቀ፣ አንድ እግሩ ቆሞ ሌላው ሊሄድ የሚያኮበኩብ ሰውዬ ብቅ ይላል። እንግዳውም ኮቱን መልሶ ይፈታል።

ሰውዬው የተቃጠለ ዲናሞ ሽቦ ጠቅላይ ነው። ስሙ የወጣለት በዚያ ነው። የሚጠቀልለው ግን ሁለት ነገር ነው፤ ሰፈሩን ያወዛገበውም ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው እንዲህ ነው። ሊኑክስ የሚባል ባለቤት የሌለው የኮምፒውተር ሥርዓት አለ። ባለቤት የለውም ማለት ባለቤቱ ብዙ ነው ማለት ነው፤ አንዱ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ሌላው ስህተቱን ይለቅማል፣ ሌላው ደግሞ የሁሉንም ልፋት ሰብስቦ በአንድ ጥቅል ያስርና ቁጥር ሰጥቶ ለተጠቃሚው ይልካል። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለነዚህ ሰዎች ነው። የኛ ሰውዬ ሎሚውን አሳሪ ነው። ቫርኒሹ እስኪደርቅ ሌላው ዲናሞ ጠቅላይ ሲያንቀላፋ እሱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጥቅል ያስራል።

ከሁሉ የሚወዳት «ካርድ ፈላጊ» የምትባለዋን ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ የበሽተኛውን ስም ከነአባቱ ሲጽፉላት፣ የወረቀት ካርዱ በየትኛው መደርደሪያ ስንተኛ ቁጥር ላይ እንዳለ ትናገራለች። ዘጠኝ ጤና ጣቢያዎች ይጠቀሙባታል። አንዱ ሚስቱ የምትሠራበት ነው፤ ሚስቱም እንደ ሚስት ሳይሆን እንደ ተጠቃሚ ነው የምትጨቀጭቀው፣ ይኸውም የባሰ ነው።

አንድ ጥቅል ከመላኩ በፊት የሚሞክረው ሰው ያስፈልጋል። የሱ ሞካሪ ሌላ ከተማ ያለች ጡረተኛ አስተማሪ ናት። ፊቷን አይቶት አያውቅም። ሥራዎቹን ስለምትፈትንለት «ፈታኟ» ይላታል፣ እሷም «ልጄ» ትለዋለች። ችግሩ ሰውዬው ስልክ ላይ ድምፁን መቀነስ አያውቅም። «ፈታኟ ካላየችው ምንም አልነካም!» «ዛሬ ፈታኟ አለቀቀችኝም!» ግድግዳ ለግድግዳ የምትጎራበተው ልብስ ሰፊ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ፈታኝ ደግሞ ፈተና የሚያወጣ ብቻ አይደለም፤ ባለትዳርን የምታስት ሴትም ፈታኝ ናት። የቀረውን እናንተ ትጨርሱታላችሁ፣ ሰፊዋማ ከጨረሰችው ቆየች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ አልሰማም።

አሁን ወደ ሰኞው እንሂድ።

ሚስቱ አንድ ሕግ ነበራት፦ ሰኞ ምንም አትላክ። ሰኞ ከተማው እንደተነጋገረ አብሮ ይታመማል፤ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሰው በሰው ላይ ይነባበራል። ፈታኟም እህቷን ልትጠይቅ መንገድ ላይ ስለነበረች «ማክሰኞ አየዋለሁ ልጄ፣ እስከዚያ እጅህን ሰብስብ» ብላ ጽፋለታለች። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ምክር።

ግን ጥቅሉ ቅዳሜ አልቋል። ያለቀ ነገር እጁ ላይ ሲያድር ይህ ሰው እንደ ምጥ ያደርገዋል። እሑድ ሦስት ጊዜ ቤቱን ዞረ፣ ደህና የነበረውን የበር እጀታ ፈታታው፣ መልሶ አሰረው፣ እጀታው ከዚያ ወዲህ ይንቀጫቀጫል።

ጥቅሉ ውስጥ ያለው ደግሞ የሚያኮራ ነበር። ተጠቃሚዎች ለዓመት ያማርሩ ነበር፤ አንዱ ጸሐፊ ስሙን በሐመሩ ሐ ይመዘግበዋል፣ ሌላዋ በሀሌታው ሀ ትፈልገዋለች፣ ካርድ ፈላጊ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ትላለች፣ የለም የተባለው ሰውዬ መስኮቱ ላይ ቆሞ እየሳለ። ስለዚህ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን በሙሉ እንደ አንድ እንድትቆጥር አደረጋት። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ታረቁ። አንድ ዓይነት ስሞችም አንድ መስመር ላይ ገቡ።

ሰኞ ጠዋት ሚስቱ ወጣች። እሱ ሱቁ ውስጥ የውኃ ፓምፕ ዲናሞ ይዞ ተቀመጠ። ሃምሳ ስምንት ዙር፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ጥቅሉ፣ ስልሳ፣ ማክሰኞ ሩቅ ነው፣ ስልሳ… ስልሳ ስንት? ቆጠራው ጠፋበት። የጠፋ ቆጠራ ማለት ሽቦውን ፈትቶ እንደገና ነው። ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። «ከምታመም» አለና ላከው። የጤና ጣቢያዎቹ ኮምፒውተሮች የመጣላቸውን ሳይጠይቁ ራሳቸው እንዲወስዱ ያደረጋቸው እሱው ነበር። ወሰዱ።

አራት ሰዓት ሲል ሚስቱ ደወለች። ሰላምታ የለም።

«ዘበኛው እዚህ ቆሟል።»

«የኛ ሰፈሩ ዘበኛ? ምን ሆነ?»

«መንታ ወልዷል።»

«ምን?»

«ካርዱ ነው የሚለው። ሐኪሙ 'መንታዎቹ ደህና ናቸው?' ብሎ ጠየቀው።»

«እሱስ?»

«'የትኞቹ?' አለ። ሰኞ ነው፤ ልከሃል አይደል?»

ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ። እግዜር ይይለት፣ ማንም ይስቅ ነበር።

«ሳቅህን ስትጨርስ ንገረኝ» አለች ሚስቱ። «መንታ ያላት ሰፊዋ ናት። ከዘበኛው ጋር ለሴትም ለወንድም የሚሆነው ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ነው። የሷን በንጉሡ ሠ፣ የሱን በእሳቱ ሰ ነበር የምንጽፈው፣ እንዳይምታቱብን ብለን።»

«እንዲህ ታደርጋላችሁ?»

«ድሮም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መቼ ጠየቅከን?»

እግሩ መንቀጥቀጡን አቆመ። ይህ ራሱ መጥፎ ምልክት ነው። «የሷ ካርድ ዘበኛው ጋ ከሆነ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የሱ የት ሄደ?»

ነገሩ ለሁለቱም እኩል ገባቸው። ሰፊዋ ጉሮሮዋን ታማ ቀድማ መጥታለች፤ መስመሩ ላይ መጀመሪያ የተገኘው ቁጥር የዘበኛው ስለነበር የሱን ካርድ ይዛ ገብታለች። ዘበኛው ሲመጣ የሱ ቦታ ባዶ ሆኖ ቀጣዩ ቁጥር ወጣለት። ሰኞ ዕለት ሐኪም ደግሞ ካርድ የሚገልጠው ባዶ ገጽ ለማግኘት ነው።

«የሷ ካርድ ሽፋኑ ላይ በቀይ ተጽፏል» አለች ሚስቱ፣ ድምፅዋ ተቀይሮ። «ፔኒሲሊን በፍጹም፣ ይላል። ባለፈው ለትንሽ ነው የተረፈችው።»

«ምን ታዘዘላት?»

«ሐኪሙ መርፌ ክፍል ነው የላካት» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

ሰውዬው ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋ፤ ሌሎች ስምንት ካርድ ክፍሎች ያንኑ ጥቅል ይዘዋል። ዲናሞ ሲበላሽ ሽቦውን ወደ ኋላ እየፈቱ ይመለሳሉ። ጥቅል እንዲህ አይመለስም፤ ኮምፒውተር የሚወስደው ቁጥሩ ካለፈው የበለጠውን ብቻ ነው። ሁለትን የላከ ሰው ወደ አንድ መመለስ ቢፈልግ አንድን ሦስት ብሎ ሰይሞ መላክ አለበት። ወደ ኋላ ለመሄድ ወደ ፊት መቁጠር፤ ለችኩል ሰው የተፈጠረ ቅጣት ነው። ቫርኒሹ ጣቱን ከቁልፉ ጋር እያጣበቀው አሮጌዋን ካርድ ፈላጊ ሦስተኛ ብሎ አሰራት፣ ላካት። ከዚያ ለስምንቱም እየደወለ «ስሞቹን በፊደላቸው ለዩ፣ ካርዱን ከሰውየው ጋር አስተያዩ» አለ። አንዷ «ጠቅላይ፣ ዛሬ ሰኞ መሆኑን ማን ይንገርህ?» አለችው። የሚስቱ ሕግ ዘጠኙም ጤና ጣቢያ ደርሷል ለካ።

ሚስቱ ግን ስልክ አታነሣም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ሱቁን ሳይዘጋ ሮጠ። ሦስት መንገድ ነው፤ በመኪና ጥሩንባ መሃል እየተሰደበ አቋረጣቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን ያፈሰሰው የሚለቀም መሆኑን አላወቀም፣ የሚያስሮጠውም ይኸው ነው።

መርፌ ክፍሉ በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ሰፊዋ መሃሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ክንድዋ እስከ ትከሻ ተገልጦ። ሚስቱ ቀይ የተጻፈበትን ካርድ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች፤ ከሩጫው ገና ታለከልካለች።

«ተወጋሽ?» አለ።

«አልተወጋሁም» አለች ሰፊዋ። «ተራዬ ደርሶ ነበር፣ ሦስት ሰው አሳለፍኩ።»

«ለምን?»

«ወሬ ይዤ ነበራ። ጀምሬ እንዴት እገባለሁ?»

«ተመስገን» አለና ግድግዳውን ተደገፈ። «የምን ወሬ ነው እንዲህ የሚጣፍጥ?»

ወንበሩ ላይ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ጫማቸውን መመርመር ጀመሩ። ሰፊዋ የተገለጠ ክንድዋን ሸፈነች።

«ንገሪው እንጂ» አለች ሚስቱ። «ሕይወትሽን ያተረፈ ወሬ ምን ያሳፍራል።»

«ስላንዲት… ስለ ፈታኝ ሴት ነው» አለች ሰፊዋ ወደ ወለሉ። «አንዱን ባለትዳር በስልክ የያዘች።»

ሰውዬው ሚስቱን አየ። ሚስቱ ወሬውን ከሰማች ቆይታለች፤ ፈታኟንም በስልክ ታውቃታለች፤ እንዲያውም የጨጓራ መድኃኒት ይነጋገራሉ።

«ምነው» አለች፣ «ምነው እውነት ፈትናው በነበረ።»

ሰፊዋ ነገሩ አልገባትም፤ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት የሚበቃ ወሬ እንደሆነ ገብቷታል። ሚስቱ ትክክለኛውን ካርድ ሰጥታ ወደ ሐኪሙ መለሰቻት። ከዚያ ወደሱ ዞረች።

«እንዲህ በፊደል የለየናቸው አሥራ አራት ጥንድ ሰዎች አሉ። ልነግርህ ነው። ቁጭ ብለህ ጻፍ።»

ከተባለው ሁሉ የከበደው «ቁጭ ብለህ» የሚለው ነበር። ቁጭ አለ። ስልኩ ጮኸ፤ ፈታኟ ናት፦ «ልጄ፣ ቀድሜ ደረስኩ። ሁለተኛውን ጥቅል ልየው?» መልስ ጻፈ፣ አጠፋው፣ ሌላ ጻፈ፣ እሱንም አጠፋው። እግሩ ጀመረው። ወንበሩ ይዘላል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ይንኳኳል።

በወንበሩ ጫፍ ተራውን የሚጠብቀው ዘበኛ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሳይገልጠው፦

«ጠቅላይ» አለ፣ «ቀስ በል። መንታዎቼን ትቀሰቅሳቸዋለህ።»