አሳዳጊ የበደላት

አምቦ ውስጥ ልጅ ሲያጠፋ ቶሎ አፍ ላይ የምትመጣው ስድብ «አሳዳጊ የበደለው» ናት። የተሰደበው ልጁ ይመስላል እንጂ ስድቡ የሚያርፈው እናቲቱ ላይ ነው። አባትየውንማ ማን ያነሳዋል!

እኔ ይህን ስድብ የጠገብኩት ወፍጮ ቤት ነው። ልጄ ወረፋ መጠበቅ ሰልችቷት የአንዲት ሴትዮ ጤፍ ማዳበሪያ ላይ ወጥታ ስትዘል፣ ሴትዮዋ «አሳዳጊ የበደላት!» ብላ ጮኸች። ሌላ ቀን ቢሆን ልጄን ቆንጥጬ፣ አንገቴን ደፍቼ እወጣ ነበር። የዚያን ቀን ግን ደሜ ፈላ።

«በዳይዋ እኔ ነኝ። ምን ይጠበስ?» አልኳት።

ከኋላዬ የቆመች አንዲት የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ሳቋን ለቀቀችው። «እኔም በዳይ ነኝ። የኔ ልጅ ትናንት አስተማሪውን ነከሰ» አለች።

ማኅበራችን እንዲህ ተጀመረ፤ ስሙንም «በዳዮቹ» አልነው። ጴንጤም ኦርቶዶክስም ነበርን። አንድ የሰፈር ሽማግሌ «ደህና ስም ጠፍቶ ነው? ተስፋ ምናምን በሉት እንጂ» ብለው መከሩን። ስሙን ያወጣልን ሰፈሩ ራሱ ነው፣ አንቀይርም አልናቸው። ደመወዝ የለን፣ ያሠለጠነን የለ። ልጅ ያስቸገራት እናት ቤት ስንገባ ደንባችን አንድ ነበር፦ ምክር ከመስጠትሽ በፊት የራስሽን ጉድ ተናገሪ፣ ስትናገሪም እጅሽ ሥራ አይፍታ። አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ ሌላዋ ልጁን አዝላ ወይ እጁን ይዛ ትወጣለች። እናቲቱ ትንሽ ጋደም ትላለች።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት እናት ቤት ተጠራን። ባሏ ካቺሲ የምትባል ሩቅ ከተማ ያስተምራል፤ እሷ እዚህ በኪራይ ቤት የአራት ዓመት ሴት ልጃቸውን ብቻዋን ታሳድጋለች። ልጅቷ ማልቀስ ከጀመረች የሚያቆማት የለም፣ ራሷን ከወለሉ ጋር ታጋጫለች። ተጸልዮላታል፣ ጠበልም ተወስዳለች። በመጨረሻ የባልየው እናት ከሸነን መጡና «ማሳደግ አቅቷታል፣ ልጅቷን እወስዳለሁ» አሉ። የሚያናድደው እናቲቱም አምናላቸዋለች። ስንደርስ የልጅቷን ልብስ በፌስታል አጭቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ያንን ፌስታል ሳይ እሳት ሆንኩ። እናት ደከማት ተብሎ ልጇን ትቀማለች እንዴ?

ደንብ ደንብ ነውና ግን በራሳችን ጉድ ጀመርን። የጤና ጣቢያዋ ሠራተኛ ሳህን እያጠበች የልጇን ንክሻ አወራች። እኔም ልጄ እንግዳ ፊት ያወረደችብኝን ስድብ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ከሸነን የመጡት አማት ግራ ገባቸው። አማርኛቸው የገበያ ያህል ነው።

«እናንተ እነማን ናችሁ?» አሉን።

«በዳዮቹ ነን፣ አዴ» አልናቸው፣ በኦሮምኛ እናቴ ብለን ስናከብራቸው።

እሳቸው የሰሙት «ባዴ» ነው፤ በኦሮምኛ «ጠፋ» ማለት ነው። ደንግጠው ብድግ አሉና «ማልቱ ባዴ?» አሉ፣ ምን ጠፋ ማለታቸው ነው። እኛ ከመመለሳችን በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠችው እናት ቀና አለች።

«ሆምቱ ሂን ባድኔ» አለቻቸው። ቀጥላም ለሁላችንም እንዲሰማ በአማርኛ ደገመችው። «ምንም አልጠፋም። ልጄ እዚህ ናት፣ እዚሁ ትኖራለች።»

ተነሥታ ፌስታሉን አልጋው ላይ ዘረገፈችው።

አማቷ ተቆጡ፣ እኛንም ረገሙን። በማግስቱ ብቻቸውን አውቶብስ ተሳፈሩ። ልጅቷም ያኔውኑ ጨዋ ሆነች ብዬ አልዋሽም። ያን ቀን ከሰዓት እንደ ልማዷ ጮኸች፣ እየተፈራረቅን አቀፍናት። ለዓመታት እንዲሁ አቀፍናት። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ ምላሷ ግን እየተሳለ ሄደ። ደስ ይለኛል።

ከፍ ብላ ትምህርት ቤት ሳለች አንድ አስተማሪ ክፍል ውስጥ ተናዶባት «አሳዳጊ የበደላት!» አላት።

«የትኛዋ አሳዳጊ?» አለችው። «እኔ ብዙ አሉኝ።»

ወላጅ አምጪ ተባለች። ሁላችንም ሄድን።