አላስካ የቀረችው ድሮኔ

የአክስቴ ልጅ ዛሬ አትላንታ አጠገብ ሊልበርን ያለው ቤቴ መጥቶ ካዋስኩት ድሮን ሪሞቱን ብቻ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። ድሮኗ አላስካ፣ በረዶ የሆነ ሐይቅ መሀል ወድቃ ቀርታለች።

ለጉዞው ስሰጠው "ባትሪዎቹ ብርድ አይችሉም፣ እስክታስነሳት ድረስ ጃኬትህ ውስጥ ያዛቸው" ብዬው ነበር። ደጋግሜ።

"ጃኬቴ ውስጥ እኮ እናትህ የጋገረችልኝ ድፎ ዳቦ ነበር። ቦርሳ ውስጥ ብከተው ድንጋይ ይሆንብኛል" አለኝ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር።

ቦርሳው ውስጥ የከተተው ባትሪዎቹን ነው።

ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ። ሙሽሮቹን ከላይ እቀርጻችኋለሁ ብያቸዋለሁ። መሰላል ይዤ ልሄድ ነው መሰለኝ።

እማዬ ደግሞ "ተወው፣ ዋናው ጤና ነው" ብላ ምሳ አቀረበችለት። እሱም "እውነትሽን ነው" እያለ በላ።

ዕቃችሁ ቀርቶ የተዋሰው ሰው ብቻ በጤና የተመለሰባችሁ ካላችሁ፣ እስቲ ኮሜንት አድርጉ።