ከጥምጥም በላይ አንድ ክንድ

ባለፈው ሳምንት መምህራችን ሲያስተምሩ ከፕሮጀክተሩ ፊት ቆሙና የጭንቅላታቸው ጥላ ሰሌዳውን ሸፈነው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ስቀው ፈቀቅ አሉ። እኔ ግን ዐይኔ ፕሮጀክተሩ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ዝቅ ብሏል። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ብዙ የማላውቀው ነገር አለ። ስለ ፕሮጀክተር ከፍታ ግን ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ራቤል በምትባለው የትውልድ ከተማዬ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በፋሲካ ዕለት ነው። አባቴ የአብነት ትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ ከተማው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ያን ቀን ታፈሰ የሚባለው ሰውዬ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ መንፈሳዊ ፊልም እንደሚያሳይ አስነግሮ ነበር። ፊት ለፊት ጋሽ ታፈሰ፣ እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ። አባቴ ፊልም አይተው ስለማያውቁ ደስ አላቸው። የዶሮው ወጥ ሽታ ከእጃችን ሳይለቅ፣ የበልግ ጭቃውን እየዘለልን አብረን ሄድን።

ፕሮጀክተሩ መሀል ቤቱ አጭር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አባቴ መቀመጫ ሲፈልጉ የጥምጥማቸው ጥላ እንደ ትልቅ ድንጋይ ምስሉ ላይ አረፈ።

«የኔታ፣ ወይ ጥምጥሙን ያውርዱ ወይ ይውጡ» አለ ታፈሰ። «ሰው የመጣው የእርስዎን ጥላ ሊያይ አይደለም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት ውስጥ ፊደል ያስቆጠሯቸው ልጆች ነበሩበት። አባቴ ይቅርታ ጠይቀው ወጡ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በታፈሰ በር የሚያልፈውን ዋናውን መንገድ ትተው በወፍጮ ቤቱ ጀርባ በጭቃው መዞር ጀመሩ። ለምን ሲባሉ በዚያ በኩል አየሩ ጥሩ ነው ይላሉ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ያን አየር በልቤ ይዤ ከረምኩ።

በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ታላቅ ወንድሜ ደረጀ መሥሪያ ቤቱ የጣለውን አሮጌ ፕሮጀክተር ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ። ቤታችንን ሆም ቲያትር አደርገዋለሁ ሲል እናቴ «ያለው ቲያትር አልበቃን ብሎ ነው?» አለችው። ደረጀ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጠው ነበር። እንዳትነካው አልኩት፤ መደርደሪያውን እኔ እሠራዋለሁ።

መጀመሪያ አባቴን ከግድግዳው አስጠግቼ አቆምኳቸውና ከጥምጥማቸው ጫፍ ላይ በከሰል አሰመርኩ። ከዚያ በላይ አንድ ክንድ ጨመርኩ።

«ምን ልትሰቅይ ነው?» አሉኝ።

«ዕቃ ነው፣ አባዬ።»

«እዚያ የወጣውን ዕቃ ማን ያወርደዋል?»

ግድግዳችን ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ ሚስማር አይዝም። ከድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ ጭቃውን ፍቄ ሁለት ወፍራም የጽድ ችካሎች በመዶሻ አስገባሁ፤ ዙሪያቸውን ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ መረግሁ። በእኛ ብርድ ጭቃ ቶሎ አይደርቅም፤ በየጠዋቱ በጣቴ እየነካሁ ጠበቅኩ። ሲደርቅ ከተሰበረ አግዳሚ ያገኘሁትን ሳንቃ ጫንኩበትና ቸነከርኩት። ፕሮጀክተሩ ቁልቁል እንዲያይ ከኋላው ሽብልቅ አስገባሁ፤ የምስሉ ግርጌ ሲሰፋ ደረጀ ቁልፍ እየነካካ አስተካከለው። በሙከራው ቀን ግን ጥቂት እንደሠራ ድርግም አለ። ለካ እናቴ እንዳይበርደው ብላ በባና ጠቅልላዋለች። የበግ ጠጕር ብርድ ልብስ ለብሶ ሞቆት ነው የጠፋው።

ፋሲካ ደረሰ። ባናውን መስኮቱ ላይ ሰቅለን ቤቱን አጨለምነው፤ ከፊት ለፊት ነጭ አቡጀዲ ወጠርን። ሰፈሩን በሙሉ፣ የሳቁትንም ጭምር፣ ጠርቼ ነበር። የገብስ ጠላና ቆሎ ቀረበ። አባቴ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ መሀል ተቀመጡ፤ ብርሃኑ ከበላያቸው አልፎ አቡጀዲው ላይ ሲያርፍ አየሁ።

ፊልሙ ሲጋመስ በሩ ተከፈተ። ታፈሰ ነው። የእሱ ቤት ባዶውን ውሎ ሰው የት እንደገባ ሊያይ መጥቷል። ራሱ ላይ ሰፊ ባርኔጣውን ደፍቷል። ዓመቱን ሙሉ አፌ ውስጥ የከረመውን ቃል ቀስ ብዬ አወጣሁት።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ወይ ባርኔጣዎን ያውልቁ ወይ ይውጡ። ሰው የመጣው የእርስዎን ጥላ ሊያይ አይደለም።»

ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ቃሉን አስታውሶታል። ታፈሰ ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። ብርሃኑ ከባርኔጣው በጣም ርቆ ያልፋል። ከዚያ አባቴን አየ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ መላጣውን እየዳበሰ፣ ከጠላው ጋን አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

አባቴ ዞር ሳይሉ «ልጄ፣ ጥላው እኮ አይደርስም» አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

እሳቸው ጥምጥማቸውን ብቻ በሁለት እጃቸው አስተካከሉ። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት በዋናው መንገድ፣ በታፈሰ በር ነው።

ትናንት እናቴ ስልክ ደውላ ነበር። ፕሮጀክተሩ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ መደርደሪያው ከፍ ብሎ ስለተሠራ ለምንም አይሆንምና ይነቀል ብትል አባቴ እምቢ አሉ። ለደቀ መዛሙርታቸው በየቀኑ ስለ ይቅርታ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ባዶውን ሳንቃ ለምን እንደማያስነቅሉት አልጠየቅኳቸውም።